ከተጣለ መብራት የወፍ ማዕድ

በአገራችን ገበሬው ወፍ ሲያይ ወንጭፉን ያነሣል። ማሽላው ማሸት ሲጀምር ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ከንጋት እስከ ምሽት ሲጮኹ ይውላሉ። ግሪሳ ያረፈበት እርሻ ለባለቤቱ የሚተርፈው አገዳው ብቻ ነውና። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ፈረንጁ እህል በከረጢት ገዝቶ፣ ማቅረቢያ ሰቅሎ፣ ወፎቹ መቼ ይመጡልኝ ይሆን እያለ በመስኮት ይጠብቃል። ይህን ያየ ወገን "ጥጋብ ነው" ብሎ ቢያልፍ አይፈረድበትም። ከረጢቱን ከፍቶ እህሉን ቀረብ ብሎ ላየ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ጥቁር፣ ቀጭን፣ የሚያብለጨልጭ ፍሬ ነው። አሜሪካኖች "ናይጀር" ይሉታል፤ የወፍ ምግብ ነጋዴዎች ማኅበርም በ1998 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ስም የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዝግቦታል። እኛ የምናውቀው ኑግ ብለን ነው። የሳይንስ ስሙ እንኳ "ጉይዞቲያ አቢሲኒካ" ነው፤ አበሻነቱን በስሙ ይዞ ይዞራል። ጎጃምና ወለጋን በመኸር ቢጫ የሚያለብሰው፣ ዘይቱን በልተን ያደግንበት ኑግ ከኢትዮጵያም ከሕንድም እየተጫነ የአሜሪካ ወፎች ቀለብ ሆኗል።

እኔ የምኖረው በስካይዌይ ነው። ሰፈራችን በሲያትልና በሬንተን መካከል ያለ ኮረብታ ሲሆን፣ የማንም ከተማ አካል ሳይሆን በቀጥታ በኪንግ ካውንቲ ይተዳደራል። በ2012 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ ወደ ሬንተን ይጠቃለል እንደሆነ ተጠይቆ በድምፁ እምቢ ብሏል። የሲያትል ኪራይ ወደ ደቡብ የገፋን ብዙዎች እዚሁ አካባቢ ሰፍረናል። አሁን ግን እዚህም አሮጌ ቤት ተሽጦ ሲታደስ ማየት የተለመደ ነው። በየደጁ በሚቆመው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ የጣሪያ መብራት፣ ላቫንዲኖ፣ የበር እጀታ፣ ሰንሰለት ተከምሮ ይታያል።

ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው ይህን አይቶ እንዲሁ ማለፍ ይቸግረዋል። በመርካቶ በርሜሉ ምድጃ፣ ጣሳው ኩራዝ ሲሆን አይተን አድገናል። "ቆራሌው!" እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰው የሰበሰበው ሁሉ እዚያ ሌላ ስም ያገኛል። እዚህ ግን ከገንዳ ከማንሣታችሁ በፊት ባለቤቱን ወይም ሠራተኞቹን አስፈቅዱ። ካልሆነ በሲያትል ሶዶ ሰፈር "ሰከንድ ዩዝ" የሚባለው መደብር ከፈረሱ ቤቶች የወጡ ዕቃዎችን ይሸጣል።

አሠራሩ ቀላል ነው። መካከሉ ቀዳዳ ያለው የጣሪያ መብራት መስተዋት ፈልጉ። በካቻቪቴ ፈትታችሁ ሽቦውንና የአምፖሉን መያዣ አውጡ። መስተዋቱን ገልብጣችሁ ጣሪያ አድርጉት፤ የሲያትል ዝናብ ያልተከለለ ኑግ ወዲያው ይሻግታልና። ረጅም ቡሎን በቀዳዳው አሳልፉ፤ መስተዋቱ እንዳይሰነጠቅ ከላይም ከታችም የጎማ ሮንዴላ አድርጋችሁ በዳዶ እሰሩ። ከቡሎኑ ግርጌ የላቫንዲኖ ማጥለያ እንደ ሳህን ይታሰራል። የኑግ ፍሬ ደቃቅ ስለሆነ በማጥለያው ላይ ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት አንጥፉ፤ ፍሬው ይቀራል፣ ውኃው ይወርዳል። በመብራቱ ሰንሰለት ስቀሉት።

ሁሉም የተጣለ ዕቃ ግን አይነሣም። ከ1978 እ.ኤ.አ. በፊት የተቀባ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዘኛ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል፣ ቀለሙ የሚላላጥ ዕቃ ይቅርባችሁ። በረጃጅሞቹ የፍሎረሰንት አምፖሎች ውስጥም ሜርኩሪ አለና አትስበሯቸው።

የሠራሁትን በጓሮ ስሰቅል ጎረቤቴ የሆኑ እናት በአጥር በኩል ያዩኝ ነበር። የልጅ ልጅ ለማሳደግ ከጎጃም የመጡ ናቸው። ልጆቻቸው በጠዋት ወደ ሥራ ይሄዳሉ፤ እርሳቸው ቋንቋውንም አውቶቡሱንም ስለማያውቁ ከቤት አይወጡም።

"አንተ ልጅ፣ ይኼ ኑግ አይደለም እንዴ?"

"ነው፣ እማማ።"

"ለወፍ?"

"ለወፍ።"

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና አንድ እፍኝ ጠይቀውኝ በአጥሩ ሥር ዘሩት። ሁለት ሳምንት ጠበቁ፤ አልበቀለም። ኑግ ወደ አሜሪካ ሲገባ የአረም ዘር ይዞ እንዳይመጣ በሕግ በሙቀት እንደሚታከም፣ ከዚያ ወዲያ ለመብቀል እንደሚቸገር ነገርኳቸው።

"ቆልተውት ነዋ!" አሉ። "የተቆላ ደግሞ የት ይበቅላል!"

በበጋው የዋሽንግተን ግዛት ወፍ የሆነው ጎልድፊንች መጣ። ወንዱ ደማቅ ቢጫ ነው፤ በግንባሩ ላይ ጥቁር ቆብ አለው። ሴቷ ደብዘዝ ያለች ናት። እማማ ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ "የሰው ሆዱ፣ የወፍ ወንዱ አይታወቅም ስንል ኖረን፣ እዚህስ የወፉ ታወቀ። የቀረን የሰው ሆድ ነው" አሉ። አሁን እህሉ ሲያልቅ የሚጠሩኝ እርሳቸው ናቸው። ወፍ የአገር ናፍቆት ይፈውሳል አልልም። ነገር ግን ጠዋት የሚጠብቀው ጉዳይ ያለው ሰው አነሣሡ ይለያል።

ወፍ መጥራት ግን ኃላፊነት አለው። በ2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ፓይን ሲስኪን የሚባሉት ትናንሽ ወፎች በሳልሞኔላ በብዛት ስለሞቱ፣ የዋሽንግተን ግዛት የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ነዋሪዎች ማቅረቢያቸውን እንዲያወርዱ ጠይቆ ነበር። ብዙ ወፍ በአንድ ገበታ ሲሰበሰብ የአንዱ ኩስ ለሌላው በሽታ ይሆናል፤ በሽታው ወደ ሰውም ይተላለፋል። ስለዚህ ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ በሳሙና አጥባችሁ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ ንከሩት፤ አለቅልቃችሁ በደንብ ሳይደርቅ እህል አትጨምሩበት። እጃችሁንም ታጠቡ። መሬት የወደቀውን በየቀኑ ጥረጉ፤ አለዚያ እንግዳው አይጥ ነው። ወፎቹ ከመስተዋት ጋር ተጋጭተው እንዳይሞቱም ማቅረቢያው ከመስኮት ከአንድ ሜትር ባነሰ ወይም ከአሥር ሜትር በራቀ ቦታ ይሰቀል። የታመመ ወፍ ካያችሁ አውርዱት።

አባት ወይም እናት በቤታችሁ ተቀምጠው የሚውሉባችሁ ወገኖች፣ ካቻቪቴውን ለእነርሱ ስጧቸው። ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቁበታል።