ርካሽ ፖርሽ፣ ውድ ጥገና፦ ያገለገለ ስፖርት መኪና ከባለቤቱ ለሚገዙ

ያገለገለ ስፖርት መኪና ዋጋው ከዓመት ዓመት ይወርዳል፤ የመለዋወጫውና የመካኒኩ ዋጋ ግን አብሮ አይወርድም። ፖርሽ ቦክስተር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. የ1997 ሞዴል ሆኖ አሜሪካ ሲገባ ወደ 40 ሺህ ዶላር ይሸጥ ነበር። ዛሬ ያው መኪና ያገለገለ ቶዮታ ካምሪ በሚገዛ ገንዘብ ይገኛል። ሞተሩ ሲበላሽ የሚመጣው ሂሳብ ግን የካምሪ አይደለም፤ የፖርሽ ነው።

በዚህ ላይ ሕጉ ይጨመራል። በአሜሪካ ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ነጋዴ ዋስትና መስጠት አለመስጠቱን የሚገልጽ ወረቀት መስኮቱ ላይ እንዲለጥፍ የፌዴራል ደንብ ያስገድደዋል። የራሱን መኪና የሚሸጥ ግለሰብ ይህ ግዴታ የለበትም፤ መኪናው በአብዛኛው የሚሸጠው “ባለበት ሁኔታ” ነው። ሻጩ እያወቀ ዋሽቶ ከሆነ መክሰስ ቢቻልም፣ መዋሸቱን ማስረዳት የገዢው ሸክም ነው። ስለዚህ ከግለሰብ የሚገዛ ሰው ያለው ዋስትና ገንዘቡ ከኪሱ ሳይወጣ ያደረገው ምርመራ ነው።

በስልክ የሚያልቀው ሥራ

ሲደውሉ የመኪናውን ስም ሳይጠሩ “ስለሚሸጠው መኪና ነበር” ይበሉ። “የትኛው?” የሚል መልስ ከመጣ የሚያነጋግሩት ባለቤት የመሰለ ነጋዴ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያሉ ሻጮች ከጨረታ የገዙትን መኪና እንደ ግል ንብረታቸው አድርገው ይሸጣሉ፤ ስለ መኪናው ያለፈ ታሪክም የሚነግሩዎት ነገር የላቸውም።

ቀጥለው መኪናውን ስንት ዓመት እንደያዘው፣ ለምን እንደሚሸጠው፣ ማን እንደሚጠግንለትና ደረሰኞቹ መኖራቸውን ይጠይቁ። ስድስት ዓመት ነድቶት ደረሰኙን በፋይል ያስቀመጠ ሰውና ከሦስት ወር በፊት የገዛው ሰው አንድ አይደሉም። ሁለተኛው እርስዎ ገና ያላዩትን ችግር አይቶ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም ለማየት ሲመጡ ሞተሩን ቀድሞ እንዳያሞቀው ይለምኑት። ብዙ ጉድ የሚሰማው ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ነው።

ስልኩን ከዘጉ በኋላ ለኢንሹራንስዎ ይደውሉ። በተለይ ወጣት አሽከርካሪ ላለበት ቤት ባለ ሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪና የሚጠየቀው ወርሃዊ ክፍያ ሐሳብዎን ሊያስቀይር ይችላል።

ወረቀቱ

እዚህ አሜሪካ ታይትል የሚባለው አገር ቤት ሊብሬ የምንለው ነው። ታይትሉ ላይ ያለው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር አንድ መሆን አለበት። “የወንድሜ ነው” ወይም “ወደ ስሜ አላዞርኩትም” ከተባለ ባለስሙ ራሱ መጥቶ ካልፈረመ አይግዙ። የባንክ ዕዳ ካለበት ዕዳው መከፈሉን የሚያሳይ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ታይትሉ ላይ “ሳልቬጅ” ወይም “ሪቢልት” የሚል ከተጻፈ መኪናው በአብዛኛው በአደጋ ወይም በጎርፍ ምክንያት በኢንሹራንስ ከጥቅም ውጭ ተብሎ የነበረ ነው ማለት ነው።

17 ሆሄያትና ቁጥሮች ያሉት የሻንሲ ቁጥር ከፊት መስተዋቱ ሥር፣ በሹፌሩ በር በኩል ባለው ወረቀትና በታይትሉ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ያመሳክሩ። የኢንሹራንስ ወንጀል መከላከያ ቢሮ የሆነው ኤን አይ ሲ ቢ መኪናው ተሰርቆ ያልተገኘ ወይም ሳልቬጅ ተብሎ የተመዘገበ መሆኑን በነጻ ያሳያል። ካርፋክስ በክፍያ ሰፋ ያለ ታሪክ ይሰጣል፤ የሚያውቀው ግን የተነገረውን ብቻ ነው። ለፖሊስም ለኢንሹራንስም ሳይነገር በጥሬ ገንዘብ የተጠገነ ግጭት እዚያ ላይ አይወጣም።

የተነዳውን ማይል በተመለከተም ክፍተት አለ። የ2010 እና ከዚያ በፊት ያሉ ሞዴሎች በሽያጭ ጊዜ ማይላቸውን በጽሑፍ ከማረጋገጥ የፌዴራል ግዴታ ነጻ ናቸው። ለእነዚህ መኪኖች የማይሉ እውነተኛ ምስክር ቀንና ማይል የሰፈረባቸው የዘይት ቅያሪና የጥገና ደረሰኞች ናቸው።

የሞዴሉን በሽታ ማወቅ

እያንዳንዱ ስፖርት መኪና የታወቀ ሕመም አለው፤ ገዢው ከመሄዱ በፊት ሊያጠናው ይገባል። የመጀመሪያው ትውልድ ቦክስተር፣ እስከ 2004 የተሸጠው፣ ስሙ የሚነሳው በአንዲት ኩሽኔታ ነው። በሞተሩ ታችኛው ክፍል ውስጥ ያለ መካከለኛ ዘንግ የክራንክ ሻፍቱን ኃይል በሰንሰለት ወደ ካምሻፍቶቹ ያደርሳል። ይህን ዘንግ በካምቢዮው በኩል የምትደግፈው ኩሽኔታ ከተበላች ዘንጉ ይወላገዳል፣ የቫልቮቹና የፒስተኖቹ አካሄድ ይዛባል፣ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ውጤቱ ሌላ ሞተር መግዛት ነው። ከ2001 እስከ 2005 በተሠሩ የፖርሽ መኪኖች ላይ በአሜሪካ የጋራ ክስ ተመሥርቶ በስምምነት አልቋል፤ የስምምነቱ ጊዜ ግን አልፏል።

ኩሽኔታዋን ለማግኘት ካምቢዮውን ማውረድ ግድ ነው፤ ፍሪሲዮን ሲቀየርም እንዲሁ ይደረጋል። ስለዚህ ሻጩ “ፍሪሲዮኑ አዲስ ነው” ሲል የሚከተለው ጥያቄ “ኩሽኔታዋስ ያኔ ተቀይራለች?” የሚል ነው። ተቀይራለች ከተባለ ደረሰኙን ይዩ። መካኒክ ደግሞ የዘይት ፊልትሮውን ቆርጦ በመክፈት ውስጡ የብረት ብናኝ መኖሩን ማየት ይችላል።

ማይሉ ትንሽ መሆኑ ብቻውን አያስደስትዎ። ለዓመታት ጋራዥ የቆመ መኪና ጎሚኒው ይደርቃል፣ ጎማው ያረጃል። ብዙ የፖርሽ መካኒኮችም አዘውትሮ የሚነዳና ዘይቱ በየጊዜው የሚቀየር ሞተር ኩሽኔታው የተሻለ ይቆያል ይላሉ። የጎማን ዕድሜ ለማወቅ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ያንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

በተጨማሪ ቦክስተር ላይ ሞተርና ካምቢዮ በሚገናኙበት ቦታ የዘይት ጠብታ ይፈልጉ። ከፊት መከላከያው ጀርባ ያሉትን ራዲያተሮች ይዩ፤ ቅጠል ተጠራቅሞባቸው ይበሰብሳሉ። ከሹፌሩ መቀመጫ ሥር ያለውን ምንጣፍ በእጅዎ ይዳስሱ። የጣሪያው ውሃ መውረጃ ሲደፈን ውሃው እዚያ ይገባል፣ ያለ እሱ መኪናው የማይነሳ የኤሌክትሮኒክስ ክፍልም የተቀመጠው እዚያው ነው።

ሲነዱት

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ያስነሱት። ብዙ የቆመ ቦክስተር ሲነሳ ትንሽ ጭስ ቢያወጣ አያስደነግጥም፤ ሳያቋርጥ የሚያጨስ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። መንገድ ላይ በአራተኛ ማርሽ በዝግታ እየሄዱ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ይርገጡ። የሞተሩ ዙር ሽቅብ እየሄደ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ወደ ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ የሚያፋጭ ካምቢዮም ውድ ዜና ነው።

በጥቂት አሥርት ዶላሮች የሚሸጥ የመኪና ኮምፒዩተር ማንበቢያ ይዘው ይሂዱ። ከ1996 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የተሸጡ መኪኖች ሁሉ መሰኪያው አላቸው። ማንበቢያው የመኪናው ኮምፒዩተር የራስ ምርመራዎች “አልተጠናቀቁም” ካለ አንድ ሰው በቅርቡ ባትሪውን ነቅሏል ወይም የብልሽት ኮዶቹን አጥፍቷል ማለት ነው። ሻጩ ምክንያቱን ማስረዳት አለበት።

መካኒክና ይሉኝታ

ያዩት ሁሉ ቢያስደስትዎም መኪናውን ሻጩ በማያውቀው፣ ያንን ሞዴል በሚያውቅ መካኒክ ያስመርምሩ። ዋጋው እንደየቦታው ከ200 እስከ 400 ዶላር አካባቢ ነው። የፖርሽ ባለሙያ የመጭመቅ ኃይሉን ይለካል፣ ቀለሙ ሥር ስቱኮ መኖሩን በመሣሪያ ያያል፣ በኋለኞቹ ሞዴሎች ላይም ሞተሩ ከልኩ በላይ ስንት ጊዜ እንደዞረ ከኮምፒዩተሩ ያነባል። አራተኛ ማርሽ ፈልጎ በስህተት ሁለተኛ ያስገባ ሹፌር በአንድ ቅጽበት ሞተር ሊጎዳ ይችላል፤ ታሪኩም እዚያ ተመዝግቦ ይቆያል።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው የሚቸገረው በይሉኝታ ነው። ሻጩ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ወይም የዘመድ ጓደኛ ከሆነ “አላመንከኝም ወይ?” እንዳይባል ምርመራው ይቀራል። ቢሆንም ባለቤቱ ራሱ የማያውቀው ብልሽት ሊኖር ይችላል፤ ቅሬታም ይበልጥ የሚጎመዝዘው ከግዢው በኋላ ሲመጣ ነው። “ወንድሜ ቅር እንዳይልህ፣ ከማንም ብገዛ ሳላስመረምር አልከፍልም” ቢባል በቂ ነው። ወጪው በእርስዎ ሆኖ ምርመራውን የሚከለክል ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

ሲከፍሉ

መኪናውን ሳያዩ ቀብድ አይላኩ። ከተስማሙ በሥራ ሰዓት በባንክዎ ተገናኝተው የባንክ ቼኩን ሻጩ እያየ ያሠሩ፤ እርስዎ ጥሬ ገንዘብ ይዘው አይዞሩም፣ እሱም ሐሰተኛ ቼክ አይፈራም። “ታክሱ እንዲቀንስ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ” የሚል ሐሳብ ከመጣ አይቀበሉ። ማጭበርበር ነው፤ ክርክር ቢነሳም በእጅዎ የሚገኘው ሰነድ ከከፈሉት ያነሰ ዋጋ የተጻፈበት ይሆናል። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ታርጋው ከሻጩ ጋር ስለሚቀር ጊዜያዊ ታርጋና ኢንሹራንስ አስቀድመው ያዘጋጁ።

ዋጋ ሲደራደሩ የተገኘውን ችግር በሦስት ይክፈሉት። የታይትል ችግር፣ የሻንሲ ግጭትና በዘይት ውስጥ የብረት ብናኝ ዋጋ ቢቀነስም የሚገዙ አይደሉም። ያረጀ ጎማ፣ ያለቀ ፍሪሲዮን፣ ያልተቀየረች ኩሽኔታ በመካኒኩ ግምት መሠረት ከዋጋው የሚቀነሱ ናቸው። የተጫረ ቀለምና የደበዘዘ የኋላ ፕላስቲክ መስኮት ደግሞ የዕድሜ ነገር ስለሆኑ ይታለፋሉ። ለመኪናው ካሰቡት ገንዘብም ሩቡን ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ያስቀሩ፤ ሩቡን ማስቀረት ካልቻሉ መኪናው ከአቅምዎ በላይ ነው።