የማያለቅስ የቲም ሁሉ ሶብር ያደረገ ነውን?



ወላጁን በሞት ያጣ ሕፃን ሳያለቅስና ሳይጠይቅ ሲቀር ብዙዎቻችን «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ ሶብር ነው!» እንላለን። ይሁን እንጂ ዝምታ ሁሉ ሶብር አይደለም። ሶብር ሐዘንን እያወቁ መታገሥ ነው፤ የስሜት መደንዘዝ ግን ሐዘኑንም ደስታውንም አለማግኘት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ጊዜ ማንባታቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ስለዚህ ዕንባ የሶብር ተቃራኒ አይደለም።

ድንዛዜው ከየት ይመጣል?

ሰው አደጋ ሲደርስበት ሰውነቱ ለመታገል ወይም ለመሸሽ ይዘጋጃል። ሁለቱም በማይቻሉበት ጊዜ፣ በተለይም ሕፃን ከሆነ፣ ሰውነት ይቀዘቅዛል፤ ስሜትም ይርቃል። ይህ ለጊዜው የሚጠቅም መከለያ ነው። ችግሩ አደጋው ካለፈ በኋላም ሳይነሣ ሲቀር ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ጨዋታ ላያስደስተው፣ ወድቆ ሲጎዳ ላያለቅስ፣ ረኀቡንም ሳይናገር ሊውል ይችላል።

በአካል በኩል መመለስ

ፒተር ሌቪን በ1997 እ.ኤ.አ.፣ ቤሰል ቫን ደር ኮልክም በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሟቸው መጻሕፍት ሕክምናው ከንግግር ባሻገር አካልንም መጨመር እንዳለበት አስረድተዋል። በዚህ መንገድ ባለሙያው ታካሚውን ታሪኩን እንዲናገር አያስገድደውም፤ የእግሩን መሬት መርገጥ፣ ትንፋሹን፣ የእጁን ሙቀት በጥቂት በጥቂቱ እንዲያስተውል ይረዳዋል። ቫን ደር ኮልክና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 64 ሴቶች ተሳትፈዋል። ለ10 ሳምንታት ዮጋ የተባለውን የእንቅስቃሴና የአተነፋፈስ ልምምድ ከሠሩት መካከል 52 በመቶው፣ ካልሠሩት ደግሞ 21 በመቶው ብቻ ከሕመሙ መመዘኛ ወጥተዋል። ጥናቱ በአዋቂዎች ላይ የተደረገ ስለሆነ ለሕፃናት ማስረጃ አድርገን አንወስደውም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በሥነ ልቦና ጉዳት ለታመሙ ልጆች በባለሙያ የሚሰጡ ሌሎች ሕክምናዎችን መክሯል። ስለዚህ የአካሉ መንገድ አጋዥ እንጂ ምትክ አይደለም።

አሳዳጊዎች ምን እናድርግ?

የምግብና የእንቅልፍ ሰዓቱ የተወሰነ ይሁን። ገመድ ዝላይ፣ ኳስና አብሮ መንገድ መሄድ ይለመድ። «ምን ተሰማህ?» ከማለታችን በፊት «ውሃው ቀዘቀዘህ ወይስ ሞቀህ?» ብለን እንጠይቅ፤ ውዱእ ሲያደርግም ለዚህ መልካም አጋጣሚ ነው። የየቲምን ራስ መዳበስ የተወደደ ተግባር ቢሆንም፣ ልጁ መነካትን ከፈራ ራሱ እስኪቀርብ እንጠብቀው። ድንዛዜው ከወራት በላይ ከቆየ፣ ወይም ልጁ ራሱን የሚጎዳ ከሆነ ሳንዘገይ ወደ ጤና ተቋም እንውሰደው።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናስታውስ። ስሜት ሲመለስ በፈገግታ ብቻ አይመለስም፤ ለቅሶና ቁጣም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ «አብልተነው፣ አልብሰነው ውለታ ቢስ ሆነ» አንበል። ልጁ ያለቀሰው በእኛ ዘንድ ማልቀስ እንደሚችል ስላመነ ሊሆን ይችላልና።

ወላሁ አዕለም።