ከዐስር እስከ መግሪብ ልጆቹን ምን እናሥራቸው?

የረመዳን ቀን የሚረዝመው ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ሱሁር የበላ ሰው እስከ ቀትር ድረስ ረሃቡ ብዙም አይሰማውም። አመሻሹ ላይ ግን ወጥ ቤቱ ይሟሟቃል፤ ሽንኩርቱ ይከተፋል፣ ሾርባው ይጣዳል፣ የሳምቡሳው ሊጥ ይዳመጣል። ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ደግሞ በዚህ ሁሉ ግርግር መሀል ልጆች አሉ። ሁለቱ ይጣላሉ፣ ትንሹ ቀሚስ ይዞ ያለቅሳል፣ ትልቋ «ምን ልሥራ?» እያለች አሥር ጊዜ ትመላለሳለች። በመጨረሻ ስልኩ ከኪስ ይወጣና ቤቱ ጸጥ ይላል። በዛሬው የረመዳን ገጻችን የምናነሳው ይህችን ሰዓት ነው።

እናቶችን ለመውቀስ አይደለም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ ሱሁር ያዘጋጀች፣ ቀኑን ሙሉ ጾማ ሥራ የዋለች ሴት ሁለት ሰዓት ጸጥታ ብትፈልግ አያስገርምም። ይሁንና ያ ጸጥታ በኋላ ይከፈልበታል። አዛን ሲሰማ ልጁ ከስልኩ አይነሳም። ማዕድ ላይ ቢቀመጥም ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው። ምግቡም በማን እጅ፣ በምን ድካም እንደተሠራ ሳያይ ከሰማይ የወረደ ያህል ፊቱ ይቀርባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉ ልጆች ተቀምጠው ስክሪን የሚያዩበት ጊዜ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም የተሻለ እንደሆነ መክሯል። ከአንድ ዓመት በታች ላሉት ጭራሽ አይመከርም ብሏል። እኛን የበለጠ የሚያሳስበን ግን የሰዓቱ ብዛት ብቻ አይደለም። ከዐስር እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ አንድ ልጅ ረመዳን በቤቱ ምን እንደሚመስል የሚያይበት ጊዜ ነው፤ ያን ሰዓት አንገቱን ደፍቶ ካሳለፈው የወሩን ዋና ነገር አመለጠው ማለት ነው።

የረመዳን ወር በየዓመቱ በ10 ወይም በ11 ቀን ወደኋላ ስለሚመጣ ሁሉንም ወቅት ይዞራል። በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. ጾሙ ሐምሌ ላይ ገብቶ ከክረምቱ እረፍት ጋር ተገናኝቶ ነበር። ያኔ ልጆቹ ዝናቡ ሳያስወጣቸው ወሩን ሙሉ ቤት ዋሉ። ከዚያ ወዲህ ወሩ ወደ በጋው እየመጣ ከመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ጋር ተጠጋግቷል። ስለዚህ ጥያቄው በየቤቱ እንደ አዲስ ይነሳል። የመጫወቻ መደብር ሄዶ ውድ ነገር መግዛት መልስ የሚሆን ብዙም አይመስለን፤ የተገዛው መጫወቻ ሦስት ቀን ቢቆይ ነው። ልጅን የሚይዘው እውነተኛ ሥራ ነው፤ ሲጨርሰው ሰው የሚጠቀምበት፣ የሚበላው ወይም ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ነገር።

ከሳምቡሳ እንጀምር። ስድስት ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ሳምቡሳ መጠቅለል ይችላል፤ መጀመሪያ ግን በወረቀት ይለማመድ። ካለቀ ደብተር አራት ጣት ያህል ስፋት ያለው ረጅም ቁራጭ ቀደው ይስጡት። አንዱን ጫፍ ወደ ጎን አጥፎ ሦስት ማዕዘን ያወጣል፤ ያንኑ እንደገና ሲያጥፈው እንደ ኪስ የሚከፈት ቦታ ያገኛል። ኪሱ ውስጥ ጥቂት ጥሬ ምስር ይጨምርና የተረፈውን ጫፍ በውሃ በተበጠበጠ ዱቄት ይለጥፈዋል። ገልብጦ ሲያራግፈው ምስሩ ካልፈሰሰ ተምሯል፤ ከፈሰሰም ለቅሞ እንደገና መጀመር ነው። ከሁለት ቀን በኋላ እውነተኛው ቂጣ ፊት ቢቀርብ አይቸገርም። የመጀመሪያዎቹ ጠማማ ይሆናሉ፤ ጠማማ ሳምቡሳም ይበላል። ዘይቱ ጋ ግን ልጅ አይደርስም፤ መጥበሱ የትልቅ ሰው ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በብዙ ቤት ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ ሽንኩርት ስትልጥ የአሥራ አንድ ዓመት ወንድሟ ሶፋ ላይ ስልክ ይዞ ይቀመጣል። ስለ ልጆችና ስለ ስክሪን ስናወራ ስንት ቤት ችግሩ የወንዶቹ ልጆች ሆኖ እንደሚገኝ እናስተውል። እሷን ከስልኩ የጠበቃት ምክር አይደለም፤ ሥራ ነው። እሱም ይጠቅልል፣ ቴምሩን አጥቦ በየሳህኑ ይደርድር፣ ብርጭቆ ይቁጠር። እሷም በተራዋ ቢላውን አስቀምጣ ቀለም ትያዝ።

የተጠቀለለውን ሳምቡሳ ለጎረቤት የሚያደርሰውም ልጅ ቢሆን ደስ ይለናል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ልዩነት ገብተው ነበር። የምስር ሳምቡሳ ደግሞ ለክርስቲያን ጎረቤትም የጾም ምግብ ነው። ሳህኑ ባዶውን አይመለስም፤ ሽሮም ይሁን ዳቦ አንድ ነገር ይዞ ይመጣል። መንገዱ ከደረጃ ወደ ደረጃ ቢሆን እንኳ ልጁ ሰላምታ አቅርቦ፣ ማን እንደላከው ተናግሮ፣ ምርቃት ተቀብሎ ይመለሳል።

ሁለተኛው ሥራ ደብተር መጠረዝ ነው። እጃችን ያለውን ነገር ንቀን እንጂ አገራችን የቆየ የጥረዛ ጥበብ አላት። ሐረር በእጅ በተጻፉ ቁርኣኖቿና ኪታቦቿ፣ በቆዳ ጥረዛዋም ትታወቃለች፤ እ.ኤ.አ. በ1855 ከተማዋ የገባው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን ጥረዛውን አድንቆ ጽፏል። ዛሬም ሐረር የሚሄድ ሰው በሸሪፍ የግል ሙዚየም ከተሰበሰቡት በርካታ የእጅ ጽሑፎች ጋር የጥረዛውን ሥራ ማየት ይችላል። ልጅን ወደዚያ መውሰድ ባይቻል ጥበቡን በትንሹ ቤት ማምጣት ይቻላል።

በየቤቱ ግማሹ ያልተጻፈበት የመንፈቀ ዓመት ደብተር አይጠፋም። ንጹሖቹን ስምንት ወረቀቶች አውጥቶ መሀል ለመሀል ማጠፍ፤ እጥፋቱ ላይ በወስፌ ሦስት ቀዳዳ መብሳት፤ አንዱ መሀል፣ ሁለቱ ከላይና ከታች። ከዚያ ክር ያለው መርፌ ከውስጥ በመሀለኛው ቀዳዳ ይወጣል፣ ከውጭ በላይኛው ይገባል፣ በውስጥ በኩል ረጅሙን መንገድ ወርዶ በታችኛው ይወጣል፣ ተመልሶም በመሀለኛው ይገባል። ሁለቱ የክር ጫፎች ውስጥ ባለው ረጅም ክር ላይ ይቋጠራሉ። ሽፋኑ የብስኩት ካርቶን ሆኖ በልብስ ሰፊ ቤት በተጣለ ቁራጭ ጨርቅ ይለበጣል፤ ኮላ ከሌለ የሳምቡሳው ሊጥ ሙጫ እዚህም ይሠራል። መብሳቱን ለትንንሾቹ ትልቅ ሰው ያድርግላቸው። አንድ ከሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው። ልጁ በራሱ እጅ በጠረዘው ደብተር ላይ ለመጻፍ እንደሚጓጓ ለማየት መሞከር ብቻ ይበቃል።

ምን ይጻፍበት? የአያት የረመዳን ወሬ። አያት በልጅነታቸው መቼ ጾም እንደጀመሩ፣ ሬዲዮ ባልነበረበት ሰፈር ማን ለሱሁር ይቀሰቅስ እንደነበረ፣ በሎህ ላይ ሲማሩ ቀለሙን ከጥላሸት እንዴት ያዘጋጁ እንደነበረ ልጁ ጠይቆ ይጻፈው። ሎህ ተጽፎ፣ ተቀርቶ፣ ታጥቦ እንደገና የሚጻፍበት እንጨት እንደሆነ ብዙ የከተማ ልጅ አያውቅም።

ልጆቹ ጾም የሚለማመዱ ከሆነ ሰዓቱን መለየት ያስፈልጋል። ጾም ግዴታ የሚሆነው አቅመ አዳም ወይም ሔዋን ሲደርሱ ነው፤ ከዚያ በፊት ግማሽ ቀን የሚሞክሩ ልጆች ግን በየቤቱ አሉ። እነዚህን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ማስሮጥ ተገቢ አይደለም። ሩጫው፣ የካልሲ ኳሱ፣ ሰኞ ማክሰኞው ለጠዋት ይሁን። ከዐስር በኋላ ተቀምጠው የሚሠሩት ይሻላል፤ ገበጣ፣ ቅልልቦሽ፣ ከሽቦና ከቆርኪ የሚሠራ መኪና፣ ከሃይላንድ ጠርሙስና ባለቀለም ወረቀት የሚሠራ ፋኖስ። የካይሮ ልጆች በረመዳን ምሽት ፋኖስ ይዘው የሚዞሩበት ልማድ የታወቀ ነው። የእኛዎቹ ፋኖስ ውስጥ ግን ሻማ ሳይሆን ትንሽ የእጅ ባትሪ ይግባ፤ ፕላስቲክና እሳት አይዋደዱም። ኮንዶሚኒየም ለሚኖሩት ኮሪደሩ ለገበጣ ይበቃል፤ የታች ቤት ጎረቤት እንዳይቆጣ ጠጠሩን በባቄላ መተካት ነው።

ግቢ ላለው ደግሞ አንድ በትር መሬት ላይ ቀጥ አድርጎ መትከል ብዙ ያስተምራል። ልጁ የጥላው ጫፍ የደረሰበት ቦታ ላይ በየሰዓቱ ጠጠር ያስቀምጣል። ጥላው ያጥራል፣ ያጥራል፤ ከቀትር በኋላ መርዘም ሲጀምር ዙህር ገብቷል። በቀትር ከነበረው ላይ የበትሩን ቁመት ያህል ሲጨምር ዐስር ደረሰ። ሰዓት በየእጁ ባልነበረበት ዘመን ሰው የሶላቱን ጊዜ የሚያውቀው እንዲህ ነበር።

የአዋቂዎቹስ ስልክ? ጾሙን ለመግፋት ከዐስር እስከ መግሪብ አልጋ ላይ ተጋድሞ ቪዲዮ የሚያገላብጥ አባት ልጁን «ስልክ አስቀምጥ» ቢለው ማን ይሰማዋል? በዚያች ሰዓት የቤቱ ስልኮች ሁሉ አንድ መሶብ ወይም ሳጥን ውስጥ ቢገቡ እንላለን። ጥሪ ቢመጣ ይሰማል። መጀመሪያ ቀን ልጆቹ ይነጫነጫሉ፤ ሁለተኛ ቀንም እንዲሁ። «ሰለቸኝ» ማለታቸው አያስደንግጠን። ሰልችቶት ሃያ ደቂቃ የተቀመጠ ልጅ ብዙ ጊዜ ራሱ አንድ ነገር ፈልጎ ይነሳል፤ ካርቶኑና ክሩ እጁ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጥለት እንጂ።

የመጨረሻው ሥራ ወሩን ሙሉ የሚቆይ ነው። አንድ ትልቅ ካርቶን ላይ ሠላሳ ሳጥን ይሰመር፤ ልጆቹ በየቀኑ ያዩዋትን ጨረቃ ይሳሉባት። በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች ከመግሪብ በኋላ በምዕራብ ቀጭን ሆና ትታያለች። በሰባተኛው ቀን ገደማ በማፍጠሪያ ሰዓት ግማሽ ሆና አናት ላይ ናት። በአሥራ አራተኛውና በአሥራ አምስተኛው ፀሐይ ስትጠልቅ እሷ በምሥራቅ ሙሉ ሆና ትወጣለች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እየዘገየች ስለምትመጣ ልጆቹ «ጠፋች» ይላሉ፤ ለሱሁር የተነሳ ሰው ግን ያገኛታል። በሃያ ስድስተኛው ቀን አካባቢ ጎሕ ሳይቀድ በምሥራቅ እንደገና ቀጥና ትታያለች። ለዚያች ሥዕል ሲሉ ለሱሁር ቀስቅሱን የሚሉ ልጆች ይኖራሉ። ሠላሳኛው ሳጥን እስከ ሃያ ዘጠነኛው ምሽት ድረስ ባዶውን ይቆያል። በዚያ ምሽት ልጆቹ ካርቶኑን ይዘው ደጅ ወጥተው ወደ ምዕራብ ያያሉ፤ ሂላሉ ከታየ ሳጥኑ ላይ የዒድ ልብሳቸውን ይሳሉበት፣ ካልታየም አንድ ቀን ጾም፣ አንድ ዙር ሳምቡሳም ይቀራቸዋል።