ታርጋው የጋሪው ነው፤ የፈረሱስ?

የጋሪ ፈረስ ነገር በየከተማው ይነሳል፣ ይረሳል። አንድ ሰሞን ጋሪ ከአስፋልት ይውጣ ይባላል፤ ሌላ ሰሞን ፈረስ የሚይዝ ሁሉ ፈቃድ ያውጣ የሚል ይመጣል። ወሬው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጭካኔ ነው፦ ስለተላጠ ጀርባ፣ ስለበዛ ጭነት፣ ስለ አለንጋ። ግን ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ይጠይቃል። ማዘጋጃ ቤቶችም ጋሪ ይመዘግባሉ፣ ታርጋ ይሰጣሉ፣ ያስከፍላሉ። ታርጋው ግን የጋሪው ነው። የሚጎትተው ዛሬ ቡላ፣ ነገ ዳማ ቢሆን ማን ይጠይቃል?

እኔ ከጭካኔው ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ጉልበቱን የጨረሰ ፈረስ ዋጋ የለውም። እግሩ የተሰበረ በሬ ይታረዳል፤ ባለቤቱም ከኪሳራው የተወሰነውን ያወጣል። ፈረስን ግን አብዛኛው ሕዝብ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አይበላም። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የአህያ ቄራ በሕዝብ ቁጣ ብዙም ሳይቆይ ተዘግቷል፤ በዚያ በኩል መውጫ ይኖራል ብሎ የሚያስብ ካለ ያንን ያስታውስ። እናም አንካሳው ፈረስ ገለባ ከመብላት በቀር የሚሰጠው የለም። ልጓሙ ይወልቅና አንድ ማታ መንገድ ዳር ይለቀቃል። ለመግደል እጁ የማይታዘዝለት ባለቤት ይህን እንደ ምሕረት ሊቆጥረው ይችላል።

ጥብቅ ፈቃድ የሚያስፈራኝም ለዚህ ነው። እግርና አንገት ላይ እባጭ እያወጣ የሚፈነዳውን፣ በቁስልና በዝንብ የሚተላለፈውን የፈንገስ በሽታ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት በ28 ከተሞች ከ19 ሺህ በላይ የጋሪ ፈረሶችን አይቶ ወደ 19 በመቶው ታመው አግኝቷል፤ ሞጆ ላይ ከመቶው 39 ያህሉ። ሕክምናው ረጅም ነው፣ ወጪውም ለባለጋሪ ከባድ ነው። ፈቃድ በጤና ምርመራ ብቻ ይሰጥ ቢባል የታመመው ፈረስ ወዴት ይሄዳል? ወይ ወደ ጎረቤት ከተማ ገበያ፣ ወይ ወደ ሜዳ። በሁለቱም መንገድ በሽታው አብሮ ይጓዛል።

ቅጣቱም የሚያርፈው ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ላይ አይደለም። ነጂው ከገጠር የመጣ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ማታ የቀኑን ገቢ ለባለ ፈረሱ ያስረክባል። ፈረሱ ያረፈበት ቀን ለእሱ የጎደለ ገቢ ነው። ባጃጅ ከገባ ወዲህ ደግሞ ገበያው ጠቧል።

አዊ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ሲሰባሰብ ሰው ፈረሱን አስጊጦ በሕዝብ ፊት ይወጣል። እዚያ ፈረስ የሠርግና የክብርም ነው፤ ጉልበቱ ብቻ አይደለም ዋጋው። የጋሪ ፈረስ ይህን ክብር በደንብና በመመሪያ ያገኛል ብዬ አላምንም።

ፈቃድ ይኑር ከተባለ ግን ምልክቱ በጋሪው ሳይሆን በፈረሱ ላይ ይሁን፤ ባለቤቱም ሲመዘገብ ትንሽ ገንዘብ ያስይዝ። ፈረሱ ሲደክም ለእንስሳት ሐኪም ካስረከበ መያዣው ይመለስለት፤ ከለቀቀው ይወረስ። ሐኪሙና የማሳረፊያው መርፌ በየከተማው መኖራቸው፣ ወጪያቸውንም ማን እንደሚሸፍን፣ ከፈቃዱ ወረቀት በፊት መታወቅ አለበት። ማዘጋጃ ቤት ከታርጋ የሚሰበስበው ገንዘብ መነሻ ሊሆን ይችላል።