የሥራ ክርክር፣ ዕርቅና የሕግ ጊዜ

በወረኢሉና በአካባቢው በሚነግዱ ሰዎች ዘንድ አሠሪና ሠራተኛ ሲጣሉ ነገሩ አስቀድሞ ወደ ሽማግሌ መሄዱ የቆየ ልማድ ነው። ቄሱም ሼኩም ባንድነት ተቀምጠው የሚያስታርቁበት የወሎ ሽምግልና ብዙ ሰው ከክስ ወጪና ከቂም ያዳነ ስለ ሆነ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ነጋዴው የሚዘነጋው አንድ ቁም ነገር አለ፤ ይኸውም ሽማግሌ ቀጠሮ ሲያራዝም የሕግ ጊዜ አብሮ አለመቆሙ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አንድ የሱቅ ሠራተኛ ብቻ ያለውንም ነጋዴ ይመለከታል። በዚህ አዋጅ መሠረት ያለ አግባብ ተሰናበትሁ የሚል ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ ክሱን በ3 ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት፤ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል። አሠሪውም ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ሒሳቡን ይከፍላል፤ በልኩ ባይስማሙ እንኳ ያመነውን ያህል በዚያው ጊዜ መክፈል ግዴታው ነው። ያዘገየ እንደ ሆነ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ሊያስከፍለው ይችላል።

ይህ ጸሐፊ በሚያገለግልበት የንግድ ቤት አንድ ዕቃ ጠባቂ በጉድለት ተጠርጥሮ ተሰናብቶ ነበር። ሽማግሎች ብዙ ደክመው በቃል አስታረቋቸው፤ ወረቀት ግን አልተጻፈም። ከጥቂት ወራት በኋላ አንደኛው «የሁለት ወር ደመወዝ ተባብለናል»፣ ሌላው «የአንድ ወር ነው» በማለታቸው ክርክሩ እንደገና ተነሣ። ሠራተኛው ወደ ሥራው የሚመለስበት ጊዜ አልፎበት፣ አሠሪውም ያመነውን ሒሳብ ሳይከፍል ቆይቶ ሁለቱም ተጎዱ።

ዕርቅ ያልያዘው የግል የሥራ ክርክር በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይታያል። አዋጁ ውሳኔው በ60 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ ያዛል፤ ይግባኝም በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ክስ መከፈቱ ግን የዕርቅን በር አይዘጋም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከራካሪዎች ፍርድ ሳይሰጥ ተስማምተው ስምምነታቸውን በፍርድ ቤቱ መዝገብ እንዲያስመዘግቡ ይፈቅዳል።

ስለዚህ ክቡራን ነጋዴዎች፣ ሽማግሌ በተቀመጠበት ቀን ያመናችሁትን ሒሳብ በደረሰኝ ክፈሉ፤ የክሱን የመጨረሻ ቀን ቁጠሩ፤ የዕርቁንም ቃል ገንዘቡንና ቀኑን ጠቅሳችሁ በሁለት ቅጅ ጽፋችሁ በምስክር ፊት ፈርሙ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ለዚህ ነው።