የመልእክት ደብተሩን ማን ያነበዋል?



 

ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ስለ ኬጂ ልጆቻችንና ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ስለሚላከው መልእክት ነው። ጉዳዩ ትንሽ አለመሆኑን ግን አንዲት እኅታችን አስተምራናለች። የእርሷን ታሪክ እናስቀድም።

ይህች እኅታችን እንጀራ ጋግራ በመሸጥ የምትተዳደር የሦስት ልጆች እናት ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመጨረሻ ልጇን ከጉሮሮዋ ቆጥባ በአንድ የግል አጸደ ሕፃናት አስገብታ ነበር። አንድ ቀን በልጅቷ ቦርሳ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት መጣ። ማንበብ ስለማትችል ለጎረቤት ልጅ አስነበበች። ልጁም ሜይ 23 የሚለውን አስልቶ፣ «ግንቦት 15 የወላጆች ቀን አለ፤ 8 ሰዓት ላይ ኑ ይላል» አላት። ቀኑን በትክክል አስልቷል። ሰዓቱን ግን እንደ ተጻፈ ወሰደው። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው 8 ሰዓት የፈረንጅ አቆጣጠር ነበር፤ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት መሆኑ ነው።

እናት ልጇን አጥባ፣ ፀጉሯን ሠርታ፣ ተበድራ የገዛችላትን ነጭ ጫማ አድርጋላት፣ ዙሁር ሰግዳ ልክ በ8 ሰዓት ከበሩ ደረሰች። ዘበኛው ወንበር እየደራረበ ነበር። ልጅቷ ወር ሙሉ ያጠናችውን ግጥም የሚሰማ አንድም ሰው በግቢው አልነበረም።

እኅታችን መስጂድ መጥታ ይህን ስታጫውተን ያለቀሰችው በትምህርት ቤቱ ተናዳ አልነበረም። «ማንበብ ባለመቻሌ ልጄን አሳፈርኳት» እያለች ራሷን ትወቅስ ነበር። እኛ ግን ጥፋቱ የእርሷ ነው ብለን አናምንም። መልእክቱን የላከው ወገን ተቀባዩ ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቋንቋና በየትኛው ሰዓት አቆጣጠር እንደሚኖር አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የአምስተኛ ወይም የስድስተኛ ክፍል ተማሪ «ነገ ስብሰባ አለ ተብላችኋል» ብሎ ለወላጁ መናገር ይችላል። የአራትና የአምስት ዓመት ሕፃን ግን መልእክተኛ ሊሆን አይችልም። መምህሯ «የአበባ ሥዕል ቀለም ቀብታችሁ አምጡ» ስትል እርሱ «ሚስ አበባ አምጡ ብላለች» ይላል፤ አባት ሌሊት አበባ ፍለጋ ይዞራል። (ይህ በእኛው ቤት የደረሰ ነው፤ አበባውም ተገኝቶ ነበር።) ስለዚህ በዚህ ዕድሜ በትምህርት ቤትና በቤት መካከል ያለው ድልድይ ልጁ ሳይሆን ትልልቆቹ ናቸው።

ጉዳዩ የጥቂት ሀብታም ቤተሰቦች ጉዳይ መሆኑም ቀርቷል። ቀድሞ ኬጂ ማለት በከተማ ያለ፣ ገንዘብ ላለው ሰው ልጅ ብቻ የሚሆን ነገር ነበር። በ2002 ዓ.ል. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች የጋራ የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ ካወጡ ወዲህ «ኦ ክፍል» የሚባለው በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተስፋፍቷል። በ2015 ዓ.ል. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ከአንደኛ ክፍል በፊት የሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ ትምህርት እንዲኖር ደንግጓል። እንግዲህ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችና አባቶች ጭምር የኬጂ ወላጆች ሆነዋል ማለት ነው።

የሌላውን ጥፋት ተናግረን የራሳችንን ብንደብቅ ፍትሕ አይሆንም። በመስጂዳችን አጥር ውስጥ ባለው አጸደ ሕፃናት የኮሚቴ አባል ነን። ከዓመታት በፊት ኬጂ 3ን የጨረሱ ልጆቻችንን ስናስመርቅ የጋዋንና የፎቶ ክፍያ እንዲመጣ በልጆቹ ደብተር ላይ አስጻፍን። ያስጻፍነው ምርቃቱ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ነበር። በዕለቱ አንድ ልጅ ቀረ። ታሞ ይሆናል ብለን አለፍነው። ከሳምንት በኋላ ቤታቸው ስንሄድ አባቱ የሞተበት ልጅ መሆኑን፣ እናቱም ገንዘቡ ስላልሞላላት ከጓደኞቹ ተለይቶ ያለ ጋዋን ከሚቆም ብላ እቤት እንዳስቀረችው ተረዳን። ደብተሩን ስንገልጠው «አይተናል» በሚለው ቦታ ላይ ፈርማበታለች። እኛም ፊርማዋን አይተን ተስማምታለች ብለን ነበር!

ያ ፊርማ እስከ ዛሬ ከዓይናችን አልጠፋም። ወላጅ መፈረሙ መልእክቱ በቤቱ ውስጥ ምን እንዳደረገ አይነግረንም። አንዱ ሳያነብ ይፈርማል፤ ሌላው አንብቦ አፍሮ ይፈርማል። ከዚያ ወዲህ ኮሚቴያችን ሁለት ነገር ወስኗል። አንደኛው፣ ገንዘብ የሚጠይቅ ማንኛውም ዝግጅት ከሁለት ወር በፊት ይነገራል፤ ምርቃት ከሆነማ በጥር ይነገራል። ሁለተኛው፣ ከክፍያው ማስታወቂያ ሥር ሁልጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። ይኸውም መክፈል የሚቸገር ቤተሰብ ለርዕሰ መምህሯ ብቻ በግል እንዲነግራትና ልጁ ግን በምንም ምክንያት እንዳይቀር የሚል ነው። የጋዋኑም ነገር ቢሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለስድስት ዓመት ልጅ ጋዋን ምን እንደሚያደርግለት እኛ አልገባንም። ሆኖም ወላጆች ስለሚወዱት ትምህርት ቤቱ አሥራ ጥቂት ጋዋኖችን አሰፍቶ በየዓመቱ በተራ እንዲለበሱ አደረግን። ክፍያው በዚያው ቀረ።

ወደ መልእክቱ አጻጻፍ እንምጣ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ኮሙኒኬሽን ቡክ የሚሉትን ደብተር በእንግሊዝኛ ይሞላሉ። ልጅ እንግሊዝኛ ይልመድ ማለት ያባት ነው፤ ደብተሩ ግን የተዘጋጀው ለልጁ ሳይሆን ለወላጁ ነው። ወላጁ በሚሰማው ቋንቋ መጻፍ አለበት። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በስልጢኛ፣ የአካባቢው ሰው በሚናገረው ሁሉ። ቀኑ ሲጻፍ የዕለቱ ስም አብሮ ይጻፍ፤ «ሐሙስ ግንቦት 15» ሲባል አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያርመዋል። ሰዓቱም «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ተብሎ ይገለጽ። ጠዋት የምትለው አንዲት ቃል ብትጻፍ ኖሮ ያች እኅታችን ያንን ሁሉ ባላዘነች ነበር።

ሌላው፣ መልእክት ሲባል ገንዘብ አምጡና ስብሰባ ኑ ብቻ መሆን የለበትም። ወላጅ ከትምህርት ቤት የሚሰማው ክፍያ ብቻ ሲሆን ደብተሩን መክፈት ይፈራል። በእኛ አጸደ ሕፃናት መምህራኑ ሐሙስ ሐሙስ አጭር ጽሑፍ ይልካሉ። በሳምንቱ ልጆቹ ምን እንደተማሩ ይገልጻል፤ ለምሳሌ ከ«ለ» እስከ «መ» ያሉትን ፊደላት፣ እስከ 10 መቁጠርን፣ የእጅ አስተጣጠብን፣ በሸክላ አፈር ምን እንደሠሩ። ቀጥሎ የሚመጣው ሳምንት ይነገራል። ከቤት የሚፈለግ ነገር ካለም፣ ባዶ የውኃ ላስቲክ ይሁን የቆርኪ ክዳን፣ ይጠቀሳል። ጽሑፉ ከገጽ እኩሌታ አይበልጥም። ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ ያንኑ መምህሯ በድምፅ ቀርፃ በቴሌግራም ትልካለች። ስልክ የሌላቸውን ሞግዚቷ በመውጫ ሰዓት በር ላይ ቆማ በቃል ትነግራለች። አድካሚ ሥራ ነው፤ ግን ይሠራል።

ቴሌግራም ካነሳን ዘንዳ አንድ ቅሬታ አለን። የወላጆች ግሩፕ ተከፍቶ መምህሯ «ነገ ትምህርት የለም» ብላ ትጽፋለች። ከሥሩ አርባ «ሹክረን»፣ ሃያ የአበባ ሥዕል፣ አንድ የዕቃ ሽያጭ ማስታወቂያ ይከተላል። ማታ ስልኩን የከፈተ አባት መልእክቱን አያገኘውም። ለማስታወቂያ ብቻ የሚሆን፣ መምህራን ብቻ የሚጽፉበት ቻናል ቢለይ ይህ ይቀራል። የልጆችን ፎቶም ወላጅ ሳይፈቅድ ማንም በሚያየው ገጽ ላይ መለጠፍ አይገባም፤ ይህንንም በመስከረም ምዝገባ ጊዜ ጠይቆ ፈቃዱን መመዝገብ ነው።

ስልኩ ያመጣውን መልካም ነገር ደግሞ አንክድም። ከልጆቻችን መካከል እናቶቻቸው በሳዑዲ ወይም በዱባይ በሰው ቤት እየሠሩ በአያት እጅ የሚያድጉ አሉ። ቀድሞ እናት ስለ ልጇ ውሎ የምታውቀው አያት በኢሞ ደውላ ከነገረቻት ብቻ ነበር። አሁን የሐሙሱን የድምፅ መልእክት እርሷም እዚያው ሆና ትሰማለች። አንዷ እኅታችን ሌሊት ሥራ ስትጨርስ ደጋግማ እንደምትሰማው ነግራናለች።

ሙስሊም ወላጆችን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር ቀርቶናል፤ ይኸውም የበዓላት ጉዳይ ነው። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ በዓሎቻችን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደፊት ይቀድማሉ። ዒድ አል-አድሓ በ2016 ዓ.ል. ሰኔ 9፣ በ2017 ዓ.ል. ደግሞ ግንቦት 29 ቀን ውሏል። ይህ እንግዲህ ኬጂዎች የወላጆች ቀንና ምርቃት የሚያዘጋጁበት ወቅት ነው። በዓሉ ራሱ የሕዝብ በዓል ስለሆነ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ችግሩ ዋዜማውና ማግሥቱ ላይ ነው። ለዐረፋ ወደ ስልጤ፣ ወደ ጉራጌ፣ ወደ ወሎ የሚጓዘው ቤተሰብ ብዙ ነው። ዝግጅቱ በዚያ ሳምንት ከዋለ ልጆቻችን ይቀራሉ፤ ወይም ቤተሰቡ ጉዞውን ይሰርዛል።

ለዚህ ትምህርት ቤቶችን ብቻ መውቀስ አይገባም። የጨረቃ ነገር ግራ የሚያጋባቸው መምህራን አሉ፤ ማስረዳት የእኛ ድርሻ ነው። ዒድ አል-ፊጥር የሚረጋገጠው በዋዜማው ምሽት ነው። ዒድ አል-አድሓ ግን የዙል-ሒጃ አሥረኛው ቀን ስለሆነ የወሩ ጨረቃ ከታየች በኋላ ዘጠኝና አሥር ቀን አስቀድሞ ይታወቃል። ስለዚህ በመስከረም ለትምህርት ቤቱ የበዓላቱን ግምታዊ ቀናት፣ አንድ ቀን ሊዛነፉ እንደሚችሉ ገልጸን፣ በጽሑፍ ብንሰጥ የዓመቱን ዕቅድ ሲያወጡ ያስቡበታል። ብዙዎቹ የክርስቲያን ርዕሳነ መምህራን ይህን ሲነገራቸው በደስታ ይቀበላሉ፤ እኛ ባየነው እምቢ ያለ የለም።

የምግቡም ነገር እንዲሁ ነው። በሽርሽር ወይም በልደት ቀን ሥጋ ያለበት ምግብ ሊቀርብ እንደሆነ አስቀድሞ ከተነገረ እናት ለልጇ የምሳ ዕቃ ትቋጥራለች። ካልተነገረ ልጁ ወይ የማይበላውን ይበላል፣ ወይ ሌሎች ሲበሉ ቁጭ ብሎ ያያል። ወላጅ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ይህን ለመምህሯ ይንገር፤ እስኪጠይቁት አይጠብቅ።

በመጨረሻም ወደ ቤታችን እንግባ። ልጁን «ዛሬ እንዴት ዋልክ?» ብንለው «ደኅና» ይለናል፤ ነገሩ በዚያ ያበቃል። ከአነስ (ረ.ዐ.) በተላለፈውና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እንደምናውቀው አነስ አቡ ዑመይር የሚባል ትንሽ ወንድም ነበረው። ልጁ የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ቤታቸው ሲመጡ ሕፃኑን በስሙ ጠርተው ስለዚያች ወፍ ይጠይቁት ነበር። የሕዝብ መሪ ሆነው፣ ያ ሁሉ ኃላፊነት እያለባቸው፣ የአንድን ሕፃን ወፍ ያውቁ ነበር።

የሐሙሷ ወረቀት ለዚህም ትጠቅመናለች። አባት አንብቧት ከሆነ «በሸክላው አፈር ምን ሠራህ? ግመል ነው አሉ፤ እግሩ ቆመ ወይስ ወደቀ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ያኔ ልጁ እራት እስኪቀርብ ያወራል። አባቶች ደብተሩን ለእናት የመተው ልማድ አለን። እኛም ስንተው ኖረናል። አሁን በቤታችን ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ ደብተሩን አባት እንዲያነብ ተስማምተናል፤ ስንረሳ የሚያስታውሰን ልጁ ነው፤ ደብተሩን ይዞ መስገጃው አጠገብ ይቀመጣል።