ከኦፕራሲዮን በኋላ፦ ሰመመን በደም ሥር ወይስ በትንፋሽ?

ኦፕራሲዮን የሚጠብቅ ሰው «እነቃ ይሆን?» ብሎ ይጨነቃል፤ ከነቃ በኋላ ስለሚገጥመው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሙሉ ሰመመን ከወሰዱት ሲሶ ያህሉ ያቅለሸልሻቸዋል ወይም ያስመልሳቸዋል። ይህ ሊናቅ አይገባም። ሆዱ የተሰፋ ሰው ሲያስመልሰው ስፌቱ ይወጠራል፣ ፈሳሽ አልወርድ ይለዋል፣ በዕለቱ ወደ ቤቱ ሊሄድ የነበረው እዚያው ያድራል። ስለዚህ በደም ሥር የሚሰጠውን ፕሮፖፎልንና በትንፋሽ የሚገቡትን እንደ ሴቮፍሉሬን ያሉ ጋዞች ስናወዳድር፣ ዓይን የተገለጠበትን ደቂቃ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ያሉትን ሰዓታት መመዘን አለብን እላለሁ። በመንቃት ፍጥነት እንደሆነ ልዩነታቸው የደቂቃዎች ነው።

በማቅለሽለሽ ግን ይለያያሉ። ክርስቲያን አፕፌልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት፣ ከ5,000 በላይ ታካሚዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ በጋዝ ፋንታ ፕሮፖፎል መስጠት አደጋውን በ19 በመቶ ቀንሷል። «እንደ ዴክሳሜታሶን ያለ ርካሽ መርፌስ?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ተገቢም ነው፤ በዚያው ጥናት እያንዳንዱ የማስመለስ መከላከያ አደጋውን በ26 በመቶ ገደማ ቀንሷል። መልሱ ያለው ታካሚው ማን እንደሆነ በማወቅ ላይ ነው። ሴት መሆን፣ አለማጨስ፣ መኪና የሚያጥወለውለው መሆን ወይም ካለፈ ኦፕራሲዮን በኋላ ማስመለስ፣ እንዲሁም ሞርፊን መሰል ማስታገሻ መውሰድ አደጋውን ያንራሉ። አንዱም የሌለበት ሰው ዕድሉ 10 በመቶ ገደማ ነው፤ አራቱም ያሉበት 80 በመቶ ይደርሳል። 19 በመቶው ቅናሽ ለመጀመሪያዎቹ ከመቶ ሁለት ሰው ያህል ያድናል፤ ለኋለኞቹ ግን አሥራ አምስት ያህል። ለእነዚህ አንድ መርፌ ብቻውን አይበቃም፤ ፕሮፖፎሉም መርፌውም አንድ ላይ ያስፈልጓቸዋል።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። ታካሚው የሚያስወጣው የጋዝ መጠን በማሽኑ ላይ ይነበባል፤ በደም ውስጥ ያለው ፕሮፖፎል ግን በተለመደው አሠራር አይለካም፤ መድኃኒቱን የሚሰጠው ፓምፕ ያሰላዋል እንጂ። ፕሮፖፎሉ የሚገባበት መርፌ ከደም ሥር ሾልኮ ቢወጣ፣ ጡንቻው በመድኃኒት የዛለ ሰው ነቅቶ እንኳ መናገር አይችልም። በብሪታንያና በአየርላንድ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሪፖርት እንዲህ ያለውን ንቃት ከ19,000 ሰመመን በአንዱ ገደማ ቢያገኘውም፣ በደም ሥር ሰመመን ላይ ከድርሻው በላይ ታይቷል። ስለዚህ የመርፌው ቦታ መሸፈን የለበትም፤ የአንጎል ሞገድ መከታተያም ያስፈልጋል። ፓምፑም መከታተያውም በማይገኝባቸው የሀገራችን ሆስፒታሎች ጋዝን ከማስመለስ መከላከያ ጋር የሚመርጥ ባለሙያ ትክክል ነው። መኪና ያጥወለውልዎት እንደሆነ ግን የትም ቢታከሙ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለሰመመን ባለሙያው ይንገሩት፤ ሳይጠየቁም ቢሆን።